የ0800 መልእክቶች ከቴክስት ፋይል ስላለመግባታቸው የቀረበ ቅሬታ

ለሶፍትዌር አቅራቢው ድርጅት የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ «ቀኑን አስተካክሉ» የተባልንበትን ፋይል ይመለከታል

የፋይሉን ታሪክ ከነቲኬት ቁጥሩ ስለምታውቁት አልደግመውም፤ ባጭሩ፣ ለክፍያ ሲስተም ፍተሻ ያዘጋጀነውን የመልእክቶች ቴክስት ፋይል ሶፍትዌራችሁ በትክክል አያነበውም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከባለሙያችሁ ጋር በስልክ የተነጋገርነው ነው።

ማስተካከያው ዓርብ ይደርሳችኋል ተብለን ነበር። ዓርብ አለፈ፤ የሚቀጥለውም አለፈ፤ በሦስተኛው ነገሩ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ማክሰኞ ራሴ ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሙዚቃችሁን ካዳመጥኩ በኋላ የተገናኘኝ ባለሙያ ስክሪኔን አጋራኝ አለኝ፤ አጋራሁት። ፋይሉን ኢምፖርት አደረግነው። 0200ዎቹ (የክፍያ ጥያቄዎቹ) ገቡ። 0800ዎቹ (ከሲስተሙ ጋር ግንኙነት የሚከፍቱት መልእክቶች) ግን እንደ ወትሮው ፊልድ 7 (የመልእክቱ 7ኛ የመረጃ ቦታ) ላይ 0400000000፣ ፊልድ 11 ላይ ስድስት ዜሮ ይዘው ብቅ አሉ። ባለሙያው ትንሽ ዝም ብሎ «አዩት? ፋይላችሁ ላይ ያለው ቀን ስሕተት ነው። ቀኑን አስተካክላችሁ እንደገና ላኩልን» አለኝ።

ፊልድ 7 ወር፣ ቀንና ሰዓት ነው። በእናንተ አነጋገር እንግዲህ እኛ የጻፍነው የአራተኛውን ወር ዜሮኛ ቀን ነው። ጳጉሜ እንኳ ከአምስት ቀን አታንስም፤ ዜሮ ብሎ የሚጀምር ወር በእኛም በፈረንጆቹም አቆጣጠር አላውቅም።

በትሕትና አስረዳሁት። ፋይሉ ላይ ከ0800 ቀጥሎ ያለው 8220000000000000 ነው፤ ይህ ቢትማፕ ነው፣ በመልእክቱ ውስጥ የትኞቹ ፊልዶች እንዳሉ የሚጠቁም ቁጥር። በ8 (በሁለትዮሽ 1000) ስለሚጀምር የመጀመሪያው ቢት በርቷል፤ ሁለተኛ ቢትማፕ ይከተላል ማለት ነው። የተከተለው 0400000000000000 ያው ሁለተኛው ቢትማፕ ነው፤ ፊልድ 70 መኖሩን የሚነግረን እሱ ነው። ሶፍትዌራችሁ ግን አስሩን አሃዝ ቆርጦ ቀን አደረገው፣ የተረፉትን ስድስት ዜሮዎች የመከታተያ ቁጥር ብሎ መዘገባቸው። አስርና ስድስት አስራ ስድስት፤ ልክ የአንድ ቢትማፕ ርዝመት። ይህ የአይኤስኦ 8583 (የካርድ ክፍያ መልእክቶች ዓለም አቀፍ ደረጃ) ሀሁ ነው።

መልሱ ምን ሆነ? «ሌላ ደንበኛ በዚህ አላማረረም። ከቸኮላችሁ 0800ዎቹን በእጅ አስገቧቸው።» 136 ናቸው እኮ! በእጅ የምናስገባ ከሆነ ፈቃዱን ለምን ገዛነው? ደግሞ የእኛ ስዊች (የክፍያ መልእክቶችን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ሲስተም) በ0800 ሳይን ኦን ካልተደረገለት፣ ማለትም ግንኙነቱ ካልተከፈተለት፣ አንድም የ0200 ጥያቄ አይቀበልም፤ ስለዚህ እስካሁን የገቡት መልእክቶች ጌጥ ሆነው ተቀምጠዋል። ይህን እየነገርኩት «ሌላ ስልክ እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ዘጋው። ደኅና ዋል እንኳ አላለኝም። የሽያጭ ሠራተኛችሁ ቢሯችን መጥተው ቡናችንን እየጠጡ «የትኛውንም ቴክስት ፋይል በአንድ ክሊክ» ሲሉን የነበረው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከተነሣ አይቀር፣ በኖትፓድ ዩቲኤፍ-8 ከቢኦኤም (የጽሑፉን ኮድ ዓይነት ከሚጠቁም ምልክት) ጋር ብለን ሴቭ ያደረግነው ፋይል መጀመሪያው ላይ በማይታዩት ሦስት ባይቶች የተነሣ የፊተኛው መልእክት ሁልጊዜ ይወድቃል። የተሰጠን መፍትሔ «አንደኛውን መስመር ባዶ ተዉት» ነበር። ተውነው፤ ባዶውን መስመር ራሱን ስሕተት ብሎ ቆጠረው። ሁለት ቀን የተባለው ሥልጠና በግማሽ ቀን አለቀ። ኢንቮይሳችሁ ግን አንድ ቀን እንኳ ዘግይቶ አያውቅም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ቢትማፕ የሚያነብ ማስተካከያ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲላክልን በአክብሮት እንጠይቃለን። እንዲያውም ሳስበው አምስት ቀንም በዛ፤ ማስተካከያው እስኪደርስ ቢትማፕ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቢሯችን መጥቶ አብሮን ይቀመጥ። የዚህ ሩብ ዓመት የድጋፍ ክፍያም ይመለስልን። ይህ ካልሆነ ፈቃዱን አናድስም፤ ውሉንም ለሕግ ክፍላችን እንመራዋለን። የማክሰኞው ባለሙያ ደውሎ ይቅርታ ቢጠይቅ ደግሞ አንጠላም።

ፋይሉን ለአራተኛ ጊዜ አያይዣለሁ። እባካችሁ ቀኑን አትንኩት።

ከሰላምታ ጋር
የክፍያ ሲስተም ፍተሻ ቡድን አስተባባሪ