ስፖንሰር ሲመጣ ውል ይቅደም፦ ለትምህርት ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ኩባንያዎች ለኮሌጅ ተማሪዎች የፕሮግራሚንግ ውድድር የሚሰጡት ድጋፍ ወጥ ውል እንዲወጣለት ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን የምንጽፍልዎ የውድድር ጥያቄ የምናዘጋጅ፣ የተላከን ኮድ የሚፈትሽ የዳኝነት ሰርቨር የምንተክልና ቡድን የምናሰለጥን መምህራንና ባለሙያዎች ነን። ገንዘብ ይጨመርልን አንልም፤ ኩባንያዎች ይሰጣሉ። ችግሩ የሚሰጡት ዘግይቶ መድረሱ፣ ከደረሰም በኋላ ለዓይን ለሚሞላ ነገር ብቻ መዋሉ፣ ሲቋረጥ ደግሞ ድንገት መቋረጡ ነው። ሦስቱንም ሁለት ገጽ የማይሞላ ውል ያስተካክላቸዋል። ነገር ግን አንድ ኮሌጅ ብቻውን ከትልቅ ኩባንያ ጋር ተደራድሮ እንዲህ ያለ ውል ማስፈረም አይሆንለትም። ወደ እርስዎ የመጣነው ለዚህ ነው።

የኩባንያ እጅ በዚህ መስክ አዲስ አይደለም። አይሲፒሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር እ.ኤ.አ. በ1970 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ከተካሄደ ውድድር ይጀምራል። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 ስፖንሰሩ ነበር። ሲገባ 840 ቡድኖች ከ560 ዩኒቨርሲቲዎች ይወዳደሩ ነበር፤ ሲወጣ ከ100 በላይ አገሮች የመጡ ከ46 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች ደርሰው ነበር። ይህ የገንዘቡ ብዛት ብቻ ያመጣው ውጤት አይመስለንም፤ አንድ ስፖንሰር ሃያ ዓመት አለመነቃነቁ የራሱ ድርሻ አለው። አይቢኤም ሲለቅም ውድድሩ አልፈረሰም፣ ባለቤቱ አይቢኤም አልነበረምና ሌሎች ኩባንያዎች ቦታውን ያዙ። በአንጻሩ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረውን ኮድ ጃም የተባለ የፕሮግራሚንግ ውድድር በ2023 ዘጋው፤ ኪክ ስታርትና ሃሽ ኮድ የተባሉት ሌሎች ውድድሮቹም አብረው ተዘጉ። የራሱን ነገር መዝጋት መብቱ ነው። ሆኖም አወዳዳሪው ራሱ ኩባንያው ስለነበር ተረክቦ የሚያስቀጥል አልተገኘም።

አሁን ገንዘቡ የት እንደሚገባ እንይ። በአይሲፒሲ ሥርዓት ሦስት ተማሪዎች በአንድ ኮምፒውተር አምስት ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ጥያቄዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ለተፈታ ጥያቄ የፈጀው ደቂቃ ይቆጠራል፤ ከመፍትሔው በፊት ለተላከ ለእያንዳንዱ ስህተት 20 ደቂቃ ይታከልበታል። ጥያቄ የፈታ ቡድን ፊኛ ይሰቀልለታል። ስፖንሰር ፊኛውን፣ ቲሸርቱንና መድረኩን ይወዳል። ለሙከራ ዳታ፣ ማለትም የተላከው ኮድ ለሚፈተሽባቸው ፋይሎች፣ ዝግጅት ልክፈል ያለን ስፖንሰር ግን የለም፤ ሎጎ የሚለጠፍበት ቦታ የለውማ።

አንድ ጥያቄ ለውድድር ብቁ እንዲሆን ጽሑፉ ብቻ አይበቃም። ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ፣ ቢቻል በተለያየ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ መፍትሔውን መጻፍ አለባቸው። ሆን ተብለው የተሳሳቱና የተንቀራፈፉ መፍትሔዎችም ይጻፋሉ፤ የሙከራ ዳታው እነሱን ካልጣለ ጎዶሎ ነው። አንድ ፕሮግራም ሠርቶ እንዲጨርስ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ የሚወሰነው ከትክክለኞቹ መፍትሔዎች በጣም ዘገምተኛው የፈጀውን በመለካት፣ በዚያም ላይ በቂ ትርፍ በመጨመር ነው። በመጨረሻ ዳታው ጽሑፉ ላይ የተነገረውን ወሰን መጠበቁን የሚያጣራ ትንሽ ፕሮግራም ይጻፋል። ጊዜና ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለው ይኸኛው ነው፤ የሚያስከፍለው ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። ጥያቄው «የቁጥሮቹ ብዛት ከ100,000 አይበልጥም» ይላል፤ አንዱ ፋይል ውስጥ 200,000 ቁጥሮች አሉ። ትክክለኛ ኮድ የላከ ቡድን «ፕሮግራሙ ተሰናክሏል» የሚል መልስ ይደርሰዋል። ቡድኑ ስህተቱን ከራሱ ኮድ ይፈልጋል፣ ደህና የነበረውን መስመር ይቀይራል፣ እንደገና ይልካል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዳኞች ዳታውን አርመው ሁሉንም በድጋሚ ቢዳኙ ቅጣቱ ይነሳለታል፤ የባከነውን ሰዓት ግን ማንም አይመልስለትም።

የዳኝነት ማሽኖችም እንዲሁ ናቸው። እንደ ዶምጃጅ ባሉ ነፃ የዳኝነት ሶፍትዌሮች ለሃያ ቡድን አንድ ማሽን፣ በጥቅሉም ከሁለት ያላነሰ መመደብ ደህና ልኬት ነው። ማሽኖቹ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ ፍጥነታቸውን እንደ ጫናው ከፍ ዝቅ የሚያደርጉበት ቅንብርም ይዘጋል። ያለበለዚያ ያው ኮድ ጠዋት አልፎ ከሰዓት ሊወድቅ ይችላል። ብዙ ኩባንያዎች በጥሬ ገንዘብ ፋንታ የክላውድ ክሬዲት፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚከራዩ ኮምፒውተሮችን በነፃ መጠቀሚያ፣ ይሰጡናል። ለምዝገባ፣ ለልምምድና ለድረ ገጽ እናመሰግናለን። ለዳኝነት ግን ሌላ ደንበኛ የሚጋራው ማሽን አይሆንም፤ የጎረቤቱ ሥራ ሲበዛ የእኛ ሰዓት ይዛባል። ለብቻ የተመደበ ማሽን ካልሆነ ባይሰጡን ይሻላል።

በዓይነት የሚሰጥ ላፕቶፕም የሚጠቅመው በጊዜ ሲደርስ ነው። በዋዜማው ምሽት የመጣ ላፕቶፕ ሶፍትዌሩ ያልተጫነ፣ የቁልፍ አደራደሩ የተለያየ፣ ጠዋት በውድድሩ መሃል ራሱን ማደስ የሚጀምር ይሆናል። ከሳምንት በፊት ይድረስ፣ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት የሶፍትዌር ቅጂ ይጫን፣ ከአሥር አንድ መጠባበቂያ ይኑር። ተማሪዎቹ በዋዜማው በዚያው ማሽን የሙከራ ውድድር ያድርጉ፤ የማይሠራ ቁልፍና የማያትም ፕሪንተር የሚገኘው በዚያን ጊዜ ነው።

ስለ ሽልማት ብዙ አንልም። ለአንደኛው የሚሰጠው ከፍተኛ ገንዘብ ቀድሞውንም የሚያሸንፉትን ያስደስታል፤ ያው ገንዘብ ቡድን ልከው ለማያውቁ ኮሌጆች መጓጓዣ ቢሆን ይበልጥ ይሠራል።

የተማሪው የግል መረጃ ግን ይለያል። ስፖንሰሩ የሚከፍልበት ዋና ምክንያት ብዙ ጊዜ ቅጥር ነው፤ ነውር የለበትም። ነውሩ የምዝገባ ቅጹ ግርጌ ላይ አስቀድሞ ምልክት በተደረገበት ሳጥን የተማሪውን ስልክና ውጤት አሳልፎ መስጠት ነው። ፈቃዱ በተለየ ቅጽ ይጠየቅ፤ እምቢ ያለ ተማሪ ከውድድሩ ምንም አይጉደልበት። የጻፈው ኮድም የራሱ ነው።

ስለዚህ መሥሪያ ቤትዎ ለሁሉም ኮሌጆች የሚያገለግል አንድ ሞዴል ውል እንዲያወጣ እንጠይቃለን። ዘመኑ ከሦስት ዓመት አይነስ፤ መውጣት የፈለገ ኩባንያ ከአንድ ዓመት በፊት ያሳውቅ። የዓመቱ ክፍያ ግማሹ ከውድድሩ አራት ወር በፊት፣ የቀረው አንድ ወር ሲቀር ይግባ። «አውጡና ደረሰኝ አምጡ፣ እንተካለን» የሚለው አሠራር ይቅር፤ የኮሌጅ ግዥ ክፍል ያልገባ ገንዘብ ላይ አይፈርምም፣ የጥያቄ ዝግጅትም ከውድድሩ በኋላ አይሠራም። ከጥሬ ገንዘቡ ቢያንስ ሩቡ ለጥያቄና ለዳኝነት ተለይቶ ይያዝ።

ስፖንሰሩ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ አይይ። የኩባንያ ባለሙያ ጥያቄ ማዘጋጀት ቢፈልግ ይምጣ፣ እጅ ያንሰናልና፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት ቡድን አያሰልጥን፣ ጥያቄውም የኩባንያውን ምርት ማወቅን አይጠይቅ። ምርቱን ማስተዋወቂያ ውድድር ካሰኘው በሌላ ቀን ለብቻው ያድርገው። የቅጥር ጠረጴዛው ከአዳራሹ ውጭ ይሁን፤ የሚከፈተውም ሰዓቱ ካበቃ በኋላ ይሁን።

በስልሳ ቀን ውስጥ ሦስት ነገር ይታተም፦ የገቢና ወጪ ሒሳቡ፣ ጥያቄዎቹ፣ ሙሉው የሙከራ ዳታ ከመፍትሔዎቹ ጋር። የመጨረሻው ወጪ የለውም፤ መምጣት ያልቻሉ ኮሌጆች በቀጣዩ ዓመት የሚለማመዱበትን ያገኛሉ።

የውሉን የቴክኒክ አባሪ፣ ማለትም የማሽን መስፈርቱን፣ የዝግጅት የጊዜ ሰሌዳውንና የፈቃድ ቅጹን፣ እኛ አርቅቀን እናቀርባለን። ከእርስዎ በኩል የሚያስፈልገን የሕግ ክፍሉና የግዥ ክፍሉ አንድ አንድ ሰው እንዲመድቡልን ነው። ውሉ ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ምዝገባ በፊት ካልወጣ ኮሌጆቹ በየፊናቸው መፈራረም ይጀምራሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የውድድር አዘጋጆች፣ ዳኞችና አሰልጣኞች