ሆድ ይፍጀው ብዬ

ጎንደር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

እኅት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ይህን ያህል ጠፍቼ «ሰነበትሽ» ማለቴ ራሱ ያሳፍራል፤ እንደምን ከረምሽ ልበል እንጂ።

በነሐሴ 2015 ኢንተርኔቱ ሲዘጋ ምክንያት አገኘሁ። ሲከፈት ግን ምክንያቴም አለቀ፤ ያም ሆኖ ዝም አልኩ። ስልክሽ እየጠራ ቁጭ ብዬ ያየሁበት ቀን አለ። ይኸው እየተናዘዝኩ ነው።

እማዬ ታማለች። በ2016 የመስቀል ሰሞን ቡና ልትቀዳ ስትል ስኒው ከእጇ ወደቀ፤ ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሏት። እግሯ ተሽሏታል፣ ግድግዳ ይዛ እስከ በር ትደርሳለች። እጇ ግን እንደዚያው ነው።

ጠያቂ ሁሉ ሲወጣ በር ላይ «ቻል አድርጊው» ይለኛል። እኔም ቻልኩት፤ አፌን ዘጋሁ ማለት ነው። ሌሊት ቧንቧው ሲያፏጭ (መቼም የጎንደርን የውኃ ወረፋ አትረሺውም) ተነሥቼ ጀሪካን እየሞላሁ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ሲነጋ ፊቴን ታጥቤ ለጠየቀኝ ሁሉ «ተመስገን» ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ። ይግረምሽና ትዕግሥት መስሎኝ ትንሽ እኮራበትም ነበር።

ዓምና በጥቅምት እማዬ ድንገት «ወስፌዬን አምጪ» አለችኝ። ቅዳሜ ገበያ የእሷን ሰፌድ ይሻሙበት እንደነበር ታስታውሻለሽ። አክርማውን ውኃ ነከርኩላት። ስፌቱን በጉልበቶቿ መሃል ወጥራ በግራ እጇ ጀመረች። ወስፌው ይስታል፣ ጭኗን ይወጋታል። ስድቧን ብትሰሚ! «አንተ ደግሞ እጅ ነኝ ትላለህ?» ትለዋለች የገዛ እጇን። ወስፌውን ትወረውረዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ በጎን አየት አድርጋኝ «አንሺልኝ እንጂ» ትላለች። የሳምንቱን ስፌት ጠመመ ብላ በአንድ ከሰዓት የፈታችበት ቀን አለ። መዳፍ የምታህል ክብ ለማውጣት እስከ ጥር ፈጀባት።

እኔ ግን ይህ ምሬቷ ያሳፍረኝ ነበር። የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩን ሲመጡ «አባ፣ እስቲ ይምከሩልኝ፤ እንደ ኢዮብ መታገሥ አቃታት» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ኢዮብን አንብበሽዋል? ምዕራፍ 3 ላይ እኮ የተወለደበትን ቀን ይረግማል» አሉኝ። ወዳጆቹም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው ሲቀመጡ ደኅና ነበሩ፤ የተበላሹት ሊመክሩት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው አሉ። እማዬ ከጥግ ሆና «ሰማሽ?» አለች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሷ እያለቀሰችም እየተሳደበችም ከስፌቱ አልወጣችም። እኔ ግን እንባዬን ውጬ ከሰው ሁሉ ወጥቼ ነበር፤ ካንቺም ጭምር። እንዲህ ያለው ቻይነት ለማን ይጠቅማል?

ባለፈው በሰባት በባጃጅ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወሰድኳት። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ደግፌያት አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ የጣሪያውን መላእክት ስታያቸው ቆየች። ከመቶ በላይ ናቸው፤ ሁሉም ዓይን ብቻ። የምትጸልይ መስሎኝ ጠጋ ስል «የሣለው ሰውዬ አንገቱን እንዴት ሆኖ ይሆን?» አለችኝ። በቤተ ክርስቲያን ሳቄ አመለጠኝ፣ ሥላሴ ይቅር ይበሉኝ።

እንግዲህ ተቆጪኝ፣ የሚገባኝ ነው። ግን ለጥምቀት ነይ። ፋሲል መዋኛ አብረን እንወርዳለን፤ አልጋም አለ፣ የቧንቧውን ነገር ግን ቃል አልገባልሽም። እማዬ «ለማን ነው የምትጽፊው?» ብላኝ ስነግራት መጀመሪያ አንቺን መረቀች፣ ቀጥላ ጠፋችብኝ ብላ ወቀሰችሽ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ገና አልነገርኳትም። አሁን የሌማት ክዳን ይዛለች፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ቀይ ቀለም አልቆባታል፤ እዚህ የገዛሁላት ደግሞ ይለቃል። እዚያ ደኅና ካገኘሽ በሰው ላኪላት፣ ካልሆነም ራስሽ ይዘሽው ነይ።

ያንቺው