ያልመጣውን ማን ጠየቀው?

ለአዘጋጁ፦

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ፋይዳ በውሰት ቁጥር ብቻ ሲለካ ማየት ያስገርመኛል። ቁጭ ብሎ ሲያነብ ውሎ መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ መልሶ የሄደ ልጅ የትኛው መዝገብ ላይ ይሰፍራል? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አይኤስኦ 16439 የተሰኘው የቤተ መጻሕፍት ፋይዳ መለኪያ ዓለም አቀፍ ደረጃ ከቁጥሩ ሌላ ተጠቃሚውን መጠየቅንና አጠቃቀሙን መታዘብን፣ የአገልግሎቱን ዋጋ በገንዘብ መገመትንም ጭምር ያካትታል። ግምቱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው «አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ስንት ትከፍላላችሁ?» እየተባለ ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ምን ብሎ ይመልስ? (ቤተ መጻሕፍቱን አብልጦ የሚፈልገው ደግሞ እሱ ነው።)

ሕዝቡ በቤተ መጻሕፍቱ ላይ ያለውን አመኔታም ለመለካት እኔ ብሆን «ምን እንዳነበብኩ ለማንም አይነገርብኝም ብለው ያምናሉ?» ከሚለው እጀምር ነበር። መጠይቁም በር ላይ ብቻ አይታደል፤ እዚያ የሚገኘው ቀድሞውኑ አምኖ የመጣው ነው።

አንድ አንባቢ