ኮርቻው ይውረድና ጀርባው ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጥር 23 እንጅባራ ላይ ስለተከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ስትዘግቡ ያወጣችሁትን ፎቶ ለአጎቴ ወስጄላቸው ነበር። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ አዩትና «ልጁ ጎበዝ ነው። ፈረሱን ግን አፉን እያመመው ነው» አሉኝ። እኔ ያየሁት ፈረሱ የለበሰውን ግላስ፣ የልጁን አለባበስና አቧራውን ነበር። እውነትም ልጓሙ ተወጥሯል፤ የፈረሱ አፍ ተከፍቶ አንገቱ ወደ ላይ ተቀልብሷል።

አጎቴ ባንጃ ወረዳ ውስጥ ገብስና ድንች ያርሳሉ። ባለቤታቸው ግን «ገብሱ የሚዘራው ለፈረሶቹ ነው፤ እኛ ከነሱ የተረፈውን ነው የምንበላው» ይላሉ። አጎቴ ከቤቱ ጀርባ ባለው መስክ የሰፈሩን ልጆች ፈረስ ያስተምራሉ። ወንድ ሴት አይሉም፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ገንዘብ አይቀበሉም። ገብስ ይዞ የመጣን ግን አይመልሱም።

እሳቸው ዘንድ የመጣ ልጅ ወዲያው ፈረስ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ውሃ ያጠጣል፣ ጋማ ያበጥራል፣ ሰኮና ውስጥ የተሰካ ጠጠር ያወጣል። ሲወጣም ያለ ኮርቻ ነው። እርካብ የለ፣ ምን የለ። ወገቡ ሚዛን እስኪለምድ ልጓም አይሰጠውም፤ ገመዱን አጎቴ ይዘው ያዞሩታል። «ልጓም መደገፊያ አይደለም» ይላሉ። ወድቆ የማያውቅ ተማሪ የላቸውም። እኔ ድንቹ መሀል ነው ያረፍኩት።

ግልገሉንም ፈረስ እንዲሁ ቀስ እያሉ ነው የሚያለምዱት። አንድ ሰሞን ባዶ ጆንያ ጀርባው ላይ ጣል ይደረግለታል። ከዚያ ኮርቻ፣ ከዚያ ከልጆቹ ሁሉ ቀላሉ ልጅ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ማንም አይቀመጥበትም። ስግሪያ፣ ማለትም የፈረሱን ለስላሳ ፈጣን እርምጃ፣ ሲያስተምሩ ደግሞ ጠላ የሞላ ጣሳ ያስይዛሉ። ጠላው ከፈሰሰ ጥፋቱ የፈረሰኛው ነው፤ የፈረሱ ሆኖ አያውቅም።

ኮርቻ ከመጫናቸው በፊት ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር አለ። መዳፋቸውን ጫን አድርገው ከፈረሱ ጫንቃ እስከ ወገቡ ይዳስሳሉ። የሆነች ቦታ ላይ ቆዳው ብርግግ ካለ ወይ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ የዚያን ቀን ኮርቻ የለም። ሠርግም ቢሆን የለም። አንድ ጊዜ ሙሽራ ሊያጅቡ ለብሰው፣ አጊጠው፣ ፈረሱን ዳስሰው በእግራቸው ሄደዋል። ሰው ስቆባቸዋል። የጀርባ ቁስል ግን ሲጀምር በዓይን አይታይም። አንዴ ከፈነዳ ዝንብ ይሰፍርበታል። ያው ጨርቅ፣ ያው ልጓም ለሌላ ፈረስ ሲውል ደግሞ ቁስሉ ውስጥ የገባ በሽታ ሊዛመት ይችላል።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር እንደሆነ በየዓመቱ እንሰማለን። አጎቴ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲባል ይቆጣሉ። የምኒልክን አባ ዳኘው፣ የአሉላን አባ ነጋ፣ የባልቻን አባ ነፍሶ ይደረድራሉ። ሰውየው በፈረሱ ስም ከተጠራ ፈረሱ ተዋግቷል ባይ ናቸው። ክርክሩን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

የምንሰበሰበው ለፈረሱም ክብር ከሆነ ግን ወደ ጉግስና ወደ ስግሪያ ከመግባቱ በፊት ኮርቻው ይውረድና ጀርባው ይታይ። ነገሩን የሚያውቅ ሽማግሌና የእንስሳት ሐኪም አብረው ይዩት። የቆሰለ ፈረስ አይግባ። ሽልማት ሲሰጥም የፈረሱ አፍና ጀርባ ነጥብ ይኑረው። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሚከፋው ፈረሰኛ መኖሩ አይቀርም፤ ይክፋው።

እናንተም ፎቶ አንሺያችሁን ጥር እስኪደርስ አታቆዩት። ኅዳር ላይ ላኩትና ልምምዱን ያንሳ። መስኩንም ይየው። ፋግታ ለኮማ ወረዳን ጨምሮ በአካባቢያችን ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ በብዛት ስለተተከለ የግጦሽ ሜዳው እየጠበበ ነው። ገበሬውን አልወቅስም። ከሰሉ ልጅ አስተምሯል፣ የቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ነገር ግን የእኛ ሰፈር ልጆች አሁን ግልቢያ የሚለማመዱት አስፋልት ዳር ሆኗል። አስፋልቱ ሰኮና ይጎዳል፤ ሲኖትራኩም ለማንም አያዝንም።

መምጣት ከፈለጋችሁ የእኔን ስልክ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። አጎቴም ስልክ አላቸው፤ ግን አያነሱም።

የእህታቸው ልጅ
ከባሕር ዳር