ቲያትሩን የሠራው መንደሩ ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ በባህል ገጻችሁ ስለ እርሱ የወጡትን ጽሑፎች ተከታትያለሁ። ስለ ልብ ወለዶቹ፣ በአፍሪካ ቋንቋዎች ስለ መጻፍ ስለነበረው አቋም፣ በየዓመቱ ስሙ እየተነሳ ስለቀረበት የኖቤል ሽልማት ብዙ ተብሏል። እስር ቤት ሆኖ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ ልብ ወለድ መጻፉንማ የሚዘነጋ የለም። ለእስር ያበቃው ነገር ሲነሳ ግን በትውልድ መንደሩ ቲያትር አቋቁሞ ነበር ተብሎ ይታለፋል። ብዕር ያስነሳኝ ይህ ነው። ከስህተቱ ይልቅ ያናደደኝ ችኮላው ነው።

የንጉጊ የትውልድ መንደር ካሚሪቱ ከናይሮቢ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሊሙሩ ከተማ አጠገብ የምትገኝ መንደር ናት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1950ዎቹ እንግሊዞች በቅኝ አገዛዛቸው ላይ መሣሪያ ያነሱትን የማው ማው ታጋዮችን ከሕዝቡ ለመነጠል ገበሬውን ከየቀዬው እያስነሱ በአንድ ቦታ ሲያሰፍሩት ከተፈጠሩት ሰፈሮች አንዷ ነበረች። ነጻነት ሲመጣ ሰፈራው አልፈረሰም። ነዋሪው በአካባቢው የሻይ እርሻዎችና በሊሙሩው የባታ ጫማ ፋብሪካ በርካሽ የሚቀጠር ጉልበት ሆኖ ቀረ።

በ1976 ከዚህች መንደር አንዲት ሴት ወደ ንጉጊ ቤት መጣች። እርሱ ያኔ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ኃላፊ ነበር። ብዙ ተምረሃል፣ መጽሐፍም ትጽፋለህ ይሉናል፤ ታዲያ ከዚህ ትምህርት ለመንደሩ ለምን አታካፍልም ነው ጥያቄዋ። ዛሬ ነገ ሲላት በሳምንቱ ተመለሰች፤ ከዚያም በሳምንቱ። እሺ እስኪላት ድረስ አልተወችውም። ይህን ያወጋን ራሱ ንጉጊ ነው። ታዲያ መሥራቹ ማን ነው?

የካሚሪቱ የማኅበረሰብ ትምህርትና ባህል ማዕከል የሚመራው ከነዋሪው በተውጣጣ ኮሚቴ ነበር። መጀመሪያ የጎልማሶች መሠረተ ትምህርት ተሰጠ፤ ቀጥሎ ቲያትር መጣ። ድርሰቱን እንዲጽፉ ኃላፊነቱ የተሰጠው ለንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ለሞክሼው ለንጉጊ ዋ ሚሪ ነው። ዋ ሚሪ በመሠረተ ትምህርቱ ዋነኛ ሠራተኛ ነበር። ስሙን በጋዜጣችሁ አንድም ቦታ አላየሁትም።

«ንጋሂካ ንዴንዳ» ወይም «ስፈልግ አገባለሁ» የተባለው ተውኔት በአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ በኪኩዩ ተጽፎ በ1977 አጋማሽ ለንባብ ሲቀርብ ነዋሪው አዳምጦ በማጨብጨብ አልተወሰነም፤ ማረም ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም አሉ። የድሮ ዘፈን የሚያውቁ ግጥሙን አቃኑ። የፋብሪካ ሠራተኞቹ ስለ ደመወዝ የሚናገረውን ክፍል ይዘው፣ በቀን የሚያመርቱት ስንት እንደሚያወጣና እነርሱ ስንት እንደሚደርሳቸው እያሰሉ ተከራከሩበት። ታሪኩ የእነርሱ ነበራ! ኪጉንዳ የተባለው የእርሻ ሠራተኛ ያለው አንድ ኤከር ተኩል መሬት ብቻ ነው። ከሀብታም አሠሪው ጋር ሊዛመድ ነው በሚል ተስፋ ተታሎ መሬቱን በብድር ያስይዛል፤ መጨረሻ ላይም ይነጠቃል። ከተዋናዮቹ ውስጥ ይህን ታሪክ ለመረዳት የሌላ ሰው ማብራሪያ የሚያሻው አልነበረም። ለማው ማው ታጋዮች እውነተኛ ጠመንጃ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች አሁን ለመድረኩ የሚሆነውን የማስመሰያ ጠመንጃ ሠሩ።

ልምምዱ የሚካሄደው በግልጽ ሜዳ ላይ ስለነበር የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ቆሞ ያይ፣ አስተያየትም ይሰጥ ነበር። ተዋናይ ሲሳሳት ከዳር የቆመ ሰው ያርመዋል። ተውኔቱን ያዘጋጀው የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኪማኒ ጌቻው ነው። በዚህ ዓይነት ልምምድ ላይ አዘጋጅ መሆን ትዕግሥቱን ይስጥህ የሚያሰኝ ነው።

ስለ ሕንጻው ደግሞ ትንሽ ልዘግይ፤ በመታሰቢያ ጽሑፎቹ ውስጥ ያጣሁት ትልቁ ነገር እርሱ ነውና። የመንደሩ ወጣቶች መጀመሪያ በክብሪት እንጨት ሞዴል ሠርተው መሬት ላይ አቆሙ፤ መድረኩ፣ መቀመጫው፣ ልብስ መቀየሪያው የት የት እንደሚሆን በዚያ ላይ ጨረሱ። ከዚያ ዋናውን ገነቡ። ከፍ ያለ የግማሽ ክብ መድረክ፣ ከጀርባው የቀርከሃ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ኋላ ለዕቃ ማስቀመጫና ለልብስ መቀየሪያ የሚሆን ባለ ሦስት ክፍል ትንሽ ቤት። ከፊት ለፊቱ እንደ ደረጃ እየተደራረቡ የሚወጡ ረጃጅም የእንጨት አግዳሚዎች፤ ከ2000 ሰው በላይ ይይዛሉ። ጣሪያ የለውም። ከተመልካቹ ጀርባ ረጃጅም ባሕር ዛፎች ነበሩ። በአንደኛው ትርዒት ላይ ተዋናዮች በልምምድ ያልተያዘ ነገር ድንገት አምጥተው ዛፎቹ ላይ ወጡና ከዚያ ሆነው ዘፈኑን ተቀበሉ።

ተውኔቱ የማው ማው ትግል የተጀመረበትን 25ኛ ዓመት በማሰብ ኦክቶበር 2 ቀን 1977፣ እሑድ ዕለት ተከፈተ። ከሩቅ ቦታ አውቶቡስና ታክሲ ተከራይተው የመጡ ነበሩ። አንድ ቀን ትርዒቱ እየተካሄደ ዝናብ ወረደ፤ ሰው ሁሉ ወደ መጠለያ ሮጠ። ሲያባራ አግዳሚዎቹ እንደገና ሞሉ። ደግሞ ዘነበ፣ ደግሞ ተቋረጠ፣ ተመልካቹ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም።

ኖቬምበር 16 ቀን መንግሥት የትርዒት ፈቃዱን ሰረዘ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ንጉጊ ተይዞ ካሚቲ ወህኒ ቤት ገባ፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ እስከ ዲሴምበር 1978 ታሰረ። እዚህ ላይ አንባቢዎቻችሁ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በዚያው በ1977፣ ከጥቂት ወራት በፊት፣ ንጉጊ ከነጻነት በኋላ የመጡትን ገዢዎች ክፉኛ የሚተች ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አሳትሞ ነበር። የመጽሐፉ ምረቃ ላይ በወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው፣ በኋላም ፕሬዚዳንት የሆነው ሙዋይ ኪባኪ ተገኝቷል። ማንም አላሰረውም። ገዢዎቹ የደነገጡት ደራሲው ስለተናገረ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ በደነገጡ። ያስደነገጣቸው የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛና የሻይ ለቃሚ መድረክ ላይ ቆመው የራሳቸውን ኑሮ በራሳቸው ቋንቋ መናገራቸው፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ደግሞ ዝናብ እየመታው ማዳመጡ ነው።

ነዋሪዎቹ በዚህ አላበቁም። ደራሲው ከእስር ከወጣ በኋላ በ1981 መጨረሻ እንደገና ተሰባስበው ሁለተኛ ተውኔት ያዙ፤ ይህኛው በዘፈን የበለጸገ ነበር። በ1982 መጀመሪያ በናይሮቢ የኬንያ ብሔራዊ ቲያትር ሊያሳዩት ሲሉ በሩ ተዘጋባቸው። ወደ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሄደው ልምምዱን ቀጠሉ፤ ልምምዱን ለማየት የሚመጣው ሰው አዳራሹን እያጥለቀለቀ ሲያስቸግር እርሱም ተዘጋ። ማርች 11 ቀን የማዕከሉ ፈቃድ ተሰረዘ። በማግስቱ በካሚዮን የመጡ የታጠቁ ፖሊሶች የካሚሪቱን ቲያትር አፈረሱት። አስቡት፤ ድርሰት ይታገዳል፣ ደራሲ ይታሰራል፣ ይህ የተለመደ ነው። አግዳሚ ወንበርና የቀርከሃ ግድግዳ ላይ የዘመተ መንግሥት ግን ምን ያህል እንደፈራ ራሱ ይመሰክራል።

በዚያው ዓመት የንጉጊ ስደት ጀመረ። ጌቻውና ዋ ሚሪ ዚምባብዌ ገብተው በዚያ የማኅበረሰብ ቲያትር ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ዋ ሚሪ በ2008 እዚያው አረፈ። «ንጋሂካ ንዴንዳ» በ2022 በናይሮቢ ብሔራዊ ቲያትር፣ በኪኩዩም በእንግሊዝኛም፣ ለሕዝብ ቀርቧል።

የንጉጊን ድርሻ ለማሳነስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ያለ እርሱ ብዕር ካሚሪቱን ከኬንያ ውጭ ማን ያውቃት ነበር? የዘረዘርኩትም አብዛኛው የተገኘው እርሱ ከጻፋቸው መጻሕፍት ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ሁለት ሺህ ሰው የሚይዝ ቲያትር የገነባ ሕዝብ ታሪኩ የሚነገረው በአንድ ሰው አንደበት ሲሆን፣ ያ ሰው ሥራው የእነርሱ ነው ብሎ ደጋግሞ ቢጽፍም እንኳን አንባቢ የሚያስታውሰው ጸሐፊውን ነው። ስለ ሁለተኛው ተውኔት ስዊድናዊቷ ኢንግሪድ ብዮርክማን ተመልካቾችን አነጋግራ መጽሐፍ አሳትማለች፤ መንገዱ እንደሚቻል አሳይታለች። የትናንሽ ከተሞች ቲያትር ታሪክ በየትም አገር ሲጻፍ ታዋቂው ሰው ገጹን ይሞላና መጋረጃ የሰፋው፣ አግዳሚ የቸነከረው፣ ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም ያለው ሰው ከግርጌ ማስታወሻም ይቀራል።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ስለ ተውኔቱ ስትጽፉ የሁለቱንም ደራሲዎች ስም አስፍሩ። ለካሚሪቱም ራሱን የቻለ ገጽ ስጡት። ናይሮቢ የሚገኝ ዘጋቢ ካላችሁ ሊሙሩ ቅርብ ናት። በ1977 ሃያ ዓመት የነበራቸው ወጣቶች ዛሬ ሰባ ሊሞላቸው ነው፤ ብዙ ጊዜ የለም። ሲያገኛቸውም ንጉጊን ታስታውሱታላችሁ ወይ ብሎ እንዳይጀምር አደራ። መጀመሪያ እነርሱ ማንን ሆነው እንደተጫወቱና የትኛውን ንግግር እንዳስለወጡ ይጠይቃቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ