ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረሱበት

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎስ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ትንሹ የልጅ ልጅዎ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀው፣ «አባባ መኪና ሊገዙ ነው» እያለ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል።

ያገለገለ መኪና ሊገዙ መሆኑን የሰማሁት ከወንድሜ ነው፤ ከእርስዎ አንደበት ብሰማው እመርጥ ነበር። የምጽፍልዎ ለመከልከል ሳይሆን፣ ገንዘቡ ከእጅዎ ከመውጣቱ በፊት ምን ምን መታየት እንዳለበት ለመንገር ነው።

ቀጠሮውን ጠዋት ያድርጉት፤ ሻጩም ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያስነሣ ይንገሩት። እንደደረሱ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ሞቆ ካገኙት ሌላ ቀን ይመለሱ፤ የደከመ ሞተር ሕመሙ የሚታወቀው ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሣ ነውና። ከኋላ የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በወጉ አይቃጠልም። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ፣ ሽታውም ጣፈጥ ካለ፣ የቴስታታው ጋስኬት (የሞተሩን የላይ ክዳን የሚያሽገው ንጣፍ) ተበልቶ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል።

የዚያችን የድሮ መኪናችን ነገር በቤታችን ማንም አንሥቶት አያውቅም፤ እኔ ግን ዛሬ ላንሣው። በወዳጅዎ ቃል ታምነው፣ ለትምህርቴ የተቀመጠውን ገንዘብ ከፍለው፣ አመሻሽ ላይ ይዘዋት መጡ። በማግሥቱ ጠዋት ነጩን ጭስ አይቼ «ይሸታል» ስልዎ «ዝም በይ» አሉኝ። በሦስተኛው ወር ቆመች፤ እኔም አንድ ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። በገንዘቡ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት ያን ዓመት ሙሉ «ልጄ፣ ጎዳሁሽ» የምትል አንዲት ቃል ስላልሰማሁ ነው፤ እስከ ዛሬም እጠብቃታለሁ። ትምህርቴን በኋላ ያስጨረሱኝም እርስዎ እንደሆኑ አልረሳሁም።

ወደ መኪናው ልመለስ። ቀለሙን በፀሐይ ብርሃን ይዩት፤ አንዱ በር ከሌላው ጠቆር ወይም ፈካ ካለ፣ ወይም በበሮቹ መካከል ያለው ክፍተት እኩል ካልሆነ፣ ተጋጭቶ የተጠገነ ሊሆን ይችላል። በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት በብረት አካሉ ላይ አልያዝ ካለ ከቀለሙ ሥር የተጎዳ ቦታ መሙያ ስቱኮ ሊኖር ይችላል። የተነዳው ኪሎ ሜትር ትንሽ ነው ተብሎ የፍሬኑ መርገጫ ላስቲክ አልቆ ካገኙት ቁጥሩን አይመኑ። በመኪናው ብረት ላይ የተቀረጸው፣ አብዛኛውን ጊዜ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት የሻንሲ ቁጥር በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፤ ብረቱ ላይ የመፋቅ ምልክት ካለ ዋጋ እንኳ ሳይጠይቁ ይሂዱ። ቁልፉን ሲከፍቱ የኤርባጉ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት፤ ከመጀመሪያው የማይበራ ከሆነ ብልሽቱን ለመደበቅ ያጠፉት ሊሆን ይችላል።

ለሙከራ ሲወጡ ወንድሜ ይንዳ፤ እርስዎ ከጎኑ ተቀምጠው ያዳምጡ። የማርሽና የፍሬን ድምፅ በመለየት የእርስዎን ጆሮ የሚያህል በቤታችን የለም።

በመጨረሻ ጎማውን። በጎኑ ላይ አራት አኃዞች አሉ፤ ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው፤ አቆጣጠሩ የፈረንጆች ነው። ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ባያልቅም መቀየር አለበት። አኃዞቹ ትንንሽ ናቸው። ደውለው ራስዎ ያንብቡልኝ።

አባባ፣ ከዓይንዎ ሕክምና በኋላ ሐኪሙ ስለ መንዳት ምን እንዳሉዎት አልነገሩኝም፤ እኔም መጠየቁን ፈርቼ ይህን ሁሉ ስለ ጭስና ስለ ቀለም ጻፍኩ። አራቱ አኃዞች ካልታዩዎት ለወንድሜ አያስነብቡት። «አልታየኝም» ይበሉኝ፤ መኪናው ይቆይና እኔ እመጣለሁ።

አክባሪ ልጅዎ