የስድስት ሰዓት ልዩነት፦ የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም ላይ ያቀድነው የትምህርት ቤታችንን ድረ ገጽ መሥራት ነበር። ጥቂት ገጾች ሠርተናል፤ የቀረው ለ2018 ተሸጋግሯል። ከኅዳር ወዲህ ያለው ጊዜያችን በሙሉ አካውንት በመጠበቅ አልፏል።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት የ10ኛ ክፍል አባላችን እያለቀሰች ኮምፒውተር ላብ ገባች። ማታ ከጓደኛዋ ቴሌግራም «ውድድር ላይ ነኝ፣ ድምፅ ስጪኝ» የሚል መልእክት መጥቶላት ነበር። ሊንኩን ከፈተች፤ ስልክ ቁጥሯን አስገባች፤ የተላከላትን ባለ 5 አሃዝ ኮድም ሞላች። በነጋታው በእሷ ስም ለዘመድ አዝማዱ «ቸግሮኝ ነው፣ 2,000 ብር በቴሌብር ላኩልኝ» ተባለ። ኮምቦልቻ ያሉት አጎቷ ላኩ።

«አብሽሪ» ብዬ ስልኳን ተቀበልኳት። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ስልክ 24 ሰዓት ሳይሞላው ነባሩን ማስወጣት አይችልም። ስለዚህ ሌባውን ቀደምነው። የማናውቀውን ስልክ አስወጣንና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አበራን። ከእንግዲህ ኮዱን ያገኘ ሰው እሷ ብቻ የምታውቀውን ሁለተኛ የይለፍ ቃል ይጠየቃል። አስመሳይ ገጽ እሱንም ሊጠይቃት ስለሚችል፣ ከራሱ ከአፑ ውጭ የትም እንዳትጽፈው አስጠነቀቅናት። የአጎቷ ብር ግን አልተመለሰም። መስከረም ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ቀጥሎ ወደ ጂሜይል ሄድን። እዚህ ያየሁት አስደንግጦኛል። ብዙዎቹ ልጆች ጂሜይል የተከፈተላቸው ስልኩ የተገዛ ቀን ሞባይል ቤት ውስጥ ነው፤ ፓስዎርዱን አያውቁትም። መጀመሪያ እሱን አስቀየርን።

ከዚያ ለጂሜይሉ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚሆን ኮድ የሚያወጣ፣ አውቴንቲኬተር የሚባል አፕ ጫንን። ባለ 6 አሃዝ ኮድ ይሰጣል፤ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። የሚያሰላው ስልኩ ውስጥ ካለው ሚስጥራዊ ቁልፍና ከሰዓቱ ስለሆነ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። የአንዱ ልጅ ኮድ ግን በፍጹም አልገባ አለ። አጥፍተን እንደገና ጫንነው፤ ያው ነው። «ቲቸር፣ የኔ ስልክ ተበላሽቷል» አለኝ። ስልኩን ከኔው ጎን አስቀመጥኩት። የኔ 2:40 ይላል፤ የእሱ 8:40። ለካ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል! ስልኩ የሚያወጣው ኮድ የ6 ሰዓት ልዩነት አለው። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መለስነው፤ ቀጥሎ ያለው ኮድ ገባ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። በሀበሻ ሰዓት ማየት ለሚፈልጉ ወላጆች የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳይ አፕ ለብቻው ጫንንላቸው።

አጥብቄ የያዝኩት የመጠባበቂያ ኮዶቹን ነው። በጥቅምት 2014 ከደሴ ስንወጣ ስልኬ ጠፍቶ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን ፎቶ ይዞብኝ ሄዷል። ጉግል 10 ኮድ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው። ስልክ ቢጠፋ የሚያስገባው እሱ ነው። ስለዚህ ስክሪንሹት ከለከልኩ። ሁሉም በእጁ ወረቀት ላይ ገልብጦ ወደ ቤቱ ወሰደ። ያቺ የ10ኛ ክፍል ልጅ በሳምንቱ መጥታ እናቷ ወረቀቱን ከልደት ሰርተፍኬቷ ጋር ሳጥን ውስጥ እንደቆለፉላት ነገረችኝ። የሳጥኑ ቁልፍ ከአንገታቸው አይወርድም።